ከውፍረት መቀነሻ ቀዶ ሕክምና በኋላ ሕመምንና ብግነትን በደም ሥር በሚሰጡ መድኃኒቶች ማስታገስ

ሕመምን ችሎ ማለፍ በብዙ ኅብረተሰብ ዘንድ እንደ ጀግንነት ይቆጠራል። ጥርሱን ነክሶ ዝም ያለ በሽተኛ ይመሰገናል፤ የሚያቃስተው ግን «አይዞህ፣ ያልፋል» ተብሎ ይታለፋል። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ስላለው ሕመም ሲሆን ግን ይህ አስተሳሰብ ጉዳት አለው። ሆዱ የተቀደደ ሰው ሕመሙን ስለሚፈራ በጥልቅ አይተነፍስም፤ አይስልም፤ ከአልጋውም ተነሥቶ አይራመድም። በጥልቅ ያልተነፈሰ ሰው በሳንባው የታችኛው ክፍል ያሉት የአየር ከረጢቶች ይታጠፉና ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ያልተንቀሳቀሰ እግር ውስጥ ደግሞ ደም ይረጋል፤ የረጋውም ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ከሄደ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ይችላል። ስለዚህ ሕመምን ማስታገስ ለምቾት ሲባል የሚደረግ ርኅራኄ ብቻ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሕክምናው ክፍል ነው።

ይህ ጉዳይ በጉልህ ከሚታይባቸው ሕክምናዎች አንዱ ከመጠን ያለፈ ውፍረትን ለመቀነስ በጨጓራ ላይ የሚደረገው ቀዶ ሕክምና ነው። እዚህ ላይ ሐኪሙ በሁለት አደጋዎች መካከል ይቆማል። ኃይለኛው የሕመም ማስታገሻ የበሽተኛውን ትንፋሽ ያሰጋል፤ ብግነትን የሚያበርደው መድኃኒት ደግሞ አዲስ የተሰፋውን ጨጓራ ያሰጋል። በትምህርት ቤት በየምዕራፉ ተለያይተው የሚሰጡት የነርቭ፣ የትንፋሽ፣ የደም ዝውውርና የምግብ መፈጨት ትምህርቶች በአንድ በሽተኛ አልጋ ላይ ተገናኝተው የሚታዩበት ሁኔታ በመሆኑ፣ ለሳይንስ መምህራን ተስማሚ ምሳሌ ሊሆን ይችላል።

የቀዶ ሕክምናው ዓይነትና የሕመሙ ምንጭ

እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካ በአዮዋ ዩኒቨርሲቲ ኤድዋርድ ሜሰን የተባለው ቀዶ ሐኪም ከቺካሺ ኢቶ ጋር በመሆን የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ለይቶ በቀጥታ ከትንሹ አንጀት ጋር የማገናኘቱን ሥራ ጀመረ። መነሻውም ለጨጓራ ቁስለት ሲባል የጨጓራቸው ከፊል የተቆረጠባቸው በሽተኞች ክብደታቸው እየቀነሰ መሄዱ መታየቱ ነበር። በዛሬው አሠራር በዚህ ዓይነቱ ቀዶ ሕክምና ምግብ የሚቀበለው የጨጓራ ክፍል 30 ሚሊ ሊትር ያህል ብቻ የሚይዝ ትንሽ ከረጢት ሆኖ ይቀራል። ሁለተኛውና ዛሬ ይበልጥ የተስፋፋው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው ሦስት አራተኛ የሚሆነውን ወይም ከዚያ በላይ ቆርጦ በማውጣት ቀሪውን እንደ እጅጌ ጠባብና ረዥም አድርጎ መተው ነው።

ለሕክምናው የሚመረጡት ክብደታቸው በኪሎ ግራም፣ በሜትር ለተለካው ቁመታቸው ካሬ ተካፍሎ በሚገኘው ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 በአሜሪካ የወጣው መመሪያ ቁጥሩ 40 እና ከዚያ በላይ እንዲሆን፣ ወይም ከውፍረቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ከባድ በሽታ ካለ 35 እንዲሆን ይጠይቅ ነበር። በ2022 የዘርፉ ማኅበራት ባወጡት መመሪያ ግን ሌላ በሽታ ባይኖርም 35 በቂ ሆኗል።

ቀዶ ሕክምናው ዛሬ በአብዛኛው የሚፈጸመው ሆድን በሰፊው በመክፈት ሳይሆን በጥቂት ትናንሽ ቀዳዳዎች በሚገቡ መሣሪያዎችና ካሜራ ነው። ለመሣሪያዎቹ ቦታ እንዲገኝ ሆዱ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፋል። በዚህም የተነሳ በሽተኛው ሲነቃ የሚሰማው ሕመም ከአንድ ምንጭ አይደለም። የተበሳው ቆዳና ጡንቻ እንደ ማንኛውም ቁስል ቦታው በግልጽ የሚታወቅ ሕመም ይሰጣል። የተቆረጠውና የተሰፋው ጨጓራ ደግሞ የደበዘዘ፣ እንደ ቁርጠት ያለና ማቅለሽለሽ የተጨመረበት ሕመም ያመጣል። ሦስተኛው ተማሪዎችን ሊያስደንቅ የሚችለው ነው፤ ሆዱ የታከመው ሰው ትከሻዬን አመመኝ ይላል። ምክንያቱም ጋዙ ድያፍራምን ያስቆጣዋል፤ የድያፍራም ነርቭ የሚነሣው ደግሞ ከአንገት፣ የትከሻ ስሜት ወደ ሕብለ ሰረሰር ከሚገባበት ሥፍራ ነው። አንጎልም መልእክቱ ከየት እንደመጣ ለይቶ ማወቅ ስለማይችል ለትከሻ ይሰጠዋል።

ብግነትና የሕመም መልእክት

ቁስል ሲያብጥ «ተቆጣ» ይባላል። የሮማው ጸሐፊ ሴልሰስ በመጀመሪያው መቶ ዓመት የዚህን ቁጣ አራት ምልክቶች መቅላት፣ ማበጥ፣ መጋልና ሕመም ብሎ መዝግቧቸዋል። የተጎዱ ሕዋሳት ልዩ ልዩ ኬሚካሎችን ሲለቁ በአካባቢው ያሉ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይሰፋሉ፤ ግድግዳቸው ይሳሳና ፈሳሽ ያሾልካል፤ ነጭ የደም ሕዋሳትም ወደ ሥፍራው ይጎርፋሉ። ከእነዚህ ኬሚካሎች መካከል ፕሮስታግላንዲን የተባለው ለሕመም ልዩ ድርሻ አለው። የነርቭ ጫፎችን ከወትሮው ይበልጥ ንቁ ስለሚያደርጋቸው፣ በሌላ ጊዜ ምንም የማያሳምም ንክኪ በተቆጣ ቁስል ላይ ሲሆን ያስጮኻል።

እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን አስፕሪንና መሰሎቹ የሚሠሩት የፕሮስታግላንዲንን መመረት በመግታት መሆኑን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳየ፤ ለዚህም በ1982 ከሁለት የስዊድን ሳይንቲስቶች ጋር የኖቤል ሽልማት ተካፍሏል። ይህ ግኝት የመድኃኒቶቹን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ጉዳታቸውንም የሚያስረዳ ነበር። የጨጓራን ግድግዳ ከራሱ አሲድ የሚጠብቀው የልባጥ ሽፋን የሚመረተው፣ ለኩላሊት የሚደርሰውም የደም መጠን የሚጠበቀው በፕሮስታግላንዲን አማካይነት ነውና በቁስሉ ላይ ሲቀንስ በጨጓራና በኩላሊት ላይም ይቀንሳል። በተጨማሪም ብግነት በራሱ ጠላት አይደለም። የሞቱ ሕዋሳት የሚጠረጉት፣ ቁስሉም መጠገን የሚጀምረው በእርሱ ስለሆነ፣ የሐኪሙ ፍላጎት ብግነቱን ማብረድ እንጂ ፈጽሞ ማጥፋት አይደለም።

ሞርፊንና የትንፋሽ ነገር

ሞርፊን ከኦፒየም ተለይቶ የተገኘው በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ነው። በአንጎልና በሕብለ ሰረሰር ያሉትን የሞርፊን ተቀባዮች መኖር ተመራማሪዎች ያረጋገጡት ግን ዘግይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነው። ሞርፊን ከእነዚህ ተቀባዮች ጋር ሲጣበቅ የሕመም መልእክት ይዳከማል። ነገር ግን ተመሳሳይ ተቀባዮች ትንፋሽን በሚያዘው የአንጎል ክፍልም ይገኛሉ። ይህ ክፍል በደም ውስጥ የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን ከፍ ሲል «ተንፍስ» የሚል ትእዛዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ ሞርፊን ሲበዛበት ግን ቸል ማለት ይጀምራል።

በጣም ወፍራም የሆኑ ብዙ ሰዎች በእንቅልፍ ጊዜ ትንፋሽ የሚቆራረጥበት በሽታ አለባቸው። ሲተኙ የምላሳቸውና የጉሮሯቸው ጡንቻ ይላላና የአየር መተላለፊያው ይዘጋል፤ ማንኮራፋቱ በድንገት ጸጥ ይላል። በዚህ ጊዜ የሚያድናቸው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጨመርና የኦክስጅን መቀነስ አንጎልን መቀስቀሱ ነው፤ ሰውየው ሳያውቀው ለቅጽበት ይነቃል፣ አየር ይስባል፣ መልሶ ይተኛል። ሞርፊን የተሰጠው በሽተኛ ላይ ግን ጉሮሮው ይበልጥ ይላላል፤ ቀስቃሹም ራሱ ያንቀላፋል። የቀዶ ሕክምናው ሥራ ያለ እንከን ተፈጽሞለት፣ ሕመሙም ታግሦለት በሰላም የተኛ የሚመስል ሰው በዚያው ሊያሸልብ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው። ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ በደም ሥር ሲሰጥ የሞርፊንን ኃይል በደቂቃዎች ውስጥ ቢሽረውም፣ ራሱ ከሞርፊኑ ቀድሞ ከሰውነት ስለሚወጣ በሽተኛው ነቃ ተብሎ መተው የለበትም።

የመድኃኒቱ መጠን አወሳሰንም ከዚሁ ጋር የተያያዘ ነው። ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 160 ኪሎ ግራም የሆነ አንድ ወንድ ለምሳሌ ይወሰድ። 160 ለ1.70 ካሬ፣ ማለትም ለ2.89፣ ሲካፈል 55 ያህል ይመጣል። በመማሪያ መጻሕፍት ለአንድ ኪሎ ግራም ክብደት 0.1 ሚሊ ግራም ሞርፊን የሚል ስሌት የተለመደ ነው። ይህ በ160 ሲባዛ 16 ሚሊ ግራም ይሆናል። ሆኖም ከዚህ ሰው ክብደት ግማሽ ያህሉ ስብ ነው፤ ወደ ስብ የሚሄደው ደም ጥቂት ነው፤ አንጎሉም ከአንድ የ70 ኪሎ ሰው አንጎል አይበልጥም። ስቡ ሲቀነስ የሚቀረው ክብደት 80 ኪሎ ግራም ያህል በመሆኑ ስሌቱ በዚህ ላይ ሲመሠረት 8 ሚሊ ግራም ይመጣል፤ ያውም በአንድ ጊዜ ሳይሆን ከፋፍሎ፣ ውጤቱን እያዩ ነው። እንደ ፈንታኒል ያለው በስብ ውስጥ የሚሟሟ መድኃኒት ደግሞ ሲደጋገም በስቡ ውስጥ ተጠራቅሞ ኋላ ቀስ በቀስ ወደ ደም ይመለሳል። ለሂሳብ መምህር፣ ማባዛቱ ትክክል ሆኖ ሳለ የተባዛው ቁጥር የተሳሳተ ሊሆን እንደሚችል ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል።

የመድኃኒቶች ቅንጅት

ከላይ የተመለከተው ችግር የቀዶ ሕክምና ባለሙያዎችን ወደ ሌላ ዘዴ መርቷቸዋል። ዴንማርካዊው ቀዶ ሐኪም ሄንሪክ ኬሌት ከባልደረባው ዳል ጋር እ.ኤ.አ. በ1993 ባቀረበው ጽሑፍ አንድን ኃይለኛ መድኃኒት በብዛት ከመስጠት ይልቅ በተለያየ የሕመም ጎዳና ላይ የሚሠሩ በርካታ መድኃኒቶችን በመጠኑ ማቀናጀት እንደሚሻል አመለከተ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው ነው። የቅንጅቱ ዓላማ ሞርፊንን ፈጽሞ መከልከል ሳይሆን የመጨረሻ ተጠሪ ማድረግ ነው።

መድኃኒቶቹ በመጀመሪያው ቀን በደም ሥር የሚሰጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። የተዋጠ ክኒን ሟሟቶ፣ ከጨጓራ ወደ አንጀት አልፎ፣ በጉበት በኩል ወደ ደም መግባት አለበት። አዲስ የተሰፋና ያበጠ ጨጓራ ግን ውሃ እንኳ በጉንጭ በጉንጭ ነው የሚቀበለው፤ በሽተኛውም ስለሚያቅለሸልሸው የዋጠውን ሊመልሰው ይችላል። በደም ሥር የገባው መድኃኒት በአንጻሩ ወደ ልብ፣ ከልብ ወደ ሳንባ፣ ተመልሶም ወደ መላ አካል በአንድ ደቂቃ ያህል ጊዜ ይዳረሳል። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ አደጋም አለው፤ የተዋጠውን ለማስተፋት ይቻል ይሆናል፤ ደም ውስጥ የገባውን ግን መልሶ መቅዳት አይቻልም።

ከቅንጅቱ ውስጥ መሠረት ተደርጎ የሚወሰደው በየቤቱ የሚታወቀው ፓራሲታሞል ነው። ለደም ሥር የተዘጋጀው አንድ ግራም በ100 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በ15 ደቂቃ እንዲገባ ይደረጋል፤ በየስድስት ሰዓቱ ይደገማል፤ ለአዋቂ በቀን ከ4 ግራም አያልፍም። ትንፋሽን አይጫንም፤ ጨጓራን አያቆስልም፤ ብግነትን በማብረድ በኩል ግን ደካማ ነው። በጣም ወፍራም ሰዎች ጉበታቸው ውስጥ ብዙ ጊዜ ስብ ስለሚከማች የጉበታቸው ሁኔታ አስቀድሞ ይመረመራል። በጠርሙሱ ውስጥ አንድ ሚሊ ሊትር 10 ሚሊ ግራም መያዙም ልብ ሊባል ይገባል። ሚሊ ግራምና ሚሊ ሊትር በተምታቱ ጊዜ አሥር እጥፍ የሆነ መጠን ለሕፃናት የተሰጠበት ስሕተት በውጭ አገሮች ደርሷል። የመለኪያ አሃዶች ትምህርት በአምስተኛ ክፍል የሚያልቅ ነገር አለመሆኑን ይህ ያሳያል።

ዴክሳሜታሶን የተባለው ከስቴሮይድ ወገን የሆነ መድኃኒት ብዙ ጊዜ 8 ሚሊ ግራም ሆኖ ከማደንዘዣው ጋር በመጀመሪያ ይሰጣል። ብግነትን ከሥሩ ያበርዳል፤ ማቅለሽለሽንም ይቀንሳል። ከበሽተኞቹ ብዙዎቹ የስኳር ሕመም ያለባቸው በመሆኑና መድኃኒቱ የደም ስኳርን ለጊዜው ከፍ ስለሚያደርግ ስኳሩ በየጊዜው ይለካል። በአነስተኛ መጠን የሚንጠባጠቡት ኬታሚንና ሊዶኬይን በአንዳንድ ሆስፒታሎች ይጨመራሉ፤ እነዚህ ግን የቅርብ ክትትል የሚጠይቁ ናቸው።

ብዙ የሚያከራክረው የአይቡፕሮፌንና የኬቶሮላክ ወገን ነው። ሁለቱም በደም ሥር የሚሰጥ ዝግጅት አላቸው፤ የአይቡፕሮፌኑ በአሜሪካ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው፤ ኬቶሮላክ ደግሞ በጠቅላላው ከአምስት ቀን በላይ አይሰጥም። ለብግነት ሕመም ፍቱን ስለሆኑ የሞርፊንን ፍላጎት ይቀንሳሉ። ነገር ግን የደምን መርጋት ያዘገያሉ፤ ፈሳሽ በደንብ ያልጠጣን ሰው ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ከሁሉም በላይ ጨጓራው ከአንጀት ጋር በተገናኘበት መስመር ላይ ቁስለት ያስከትላሉ። በዚያ መስመር ላይ ያለው አንጀት በተፈጥሮው አሲድ ያልለመደ ነው። የጨጓራ አሲድ በቀጥታ ሲደርስበት፣ ጠባቂው ፕሮስታግላንዲንም በመድኃኒት ሲቀነስበት መከላከያ ያጣል። ሲጋራ የሚያጨስ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። ስለሆነም አንዳንድ ሆስፒታሎች ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ይሰጡታል፤ ሌሎች ፈጽሞ አይሰጡትም። ሁለቱ ወገኖች የሚስማሙበት አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ጨጓራው ከአንጀት የተገናኘለት ሰው ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ እነዚህን መድኃኒቶች በዘልማድ መውሰድ የለበትም። ከሁለት ዓመት በኋላ ለራስ ምታት ከመድኃኒት ቤት የተገዛ አይቡፕሮፌን ወይም ለወገብ ሕመም የተወጋ ዳይክሎፌናክ የተረሳውን ስፌት ሊያደማ ይችላል። በውጭ አገር ታክሞ ወደ አገሩ የተመለሰ ሰው ይህን ለሚያክመው ሁሉ መናገር ያለበት በዚህ ምክንያት ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ከትናንሽ ጠባሳዎች በስተቀር ምልክት የለውምና።

የተረኛ ነርስ ሥራ

የሕመም ማስታገሻ ሌላም ችግር አለው። ሕመም አንዳንድ ጊዜ እውነተኛ መልእክተኛ ነው። የተሰፋው ጨጓራ ቢሾልክ መጀመሪያ የሚታየው የልብ ምት መፍጠን ነው። በደቂቃ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ያለ የልብ ምት ትኩሳት ባይኖርም ያሳስባል፤ ትኩሳቱን ራሱ ብግነት ማብረጃው ደብቆት ሊሆን ይችላልና። ስለዚህ ታግሦ የነበረ ሕመም እንደገና ሲጠና መድኃኒቱን ከመጨመር በፊት በሽተኛውን መመርመር ግዴታ ነው።

በአንዳንድ አገሮች በሽተኛው ራሱ ቁልፍ ተጭኖ ጥቂት ሞርፊን በደም ሥሩ የሚወስድበት መሣሪያ አለ። የመሣሪያው ዋስትና ቀላል ነው፤ ያንቀላፋ ሰው ቁልፍ አይጫንም። ይህ ዋስትና የሚፈርሰው አስታማሚ አዝኖለት ሲጫንለት ነው። ዘመድ ከአልጋው ሥር በማይጠፋበት አገር እንዲህ ያለ መሣሪያ የሚገባ ከሆነ ማሽኑን ከመግዛት እኩል አስታማሚን ማስተማር በዕቅድ መያዝ ይኖርበታል።

ለዕቅድ ባለሙያዎች አንድ አኃዝ ሊጠቀስ ይገባል። የላንሴት ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጣው ዘገባ መሠረት በዓለም ላይ በዓመት ከሚሰራጨው 298.5 ቶን ከሞርፊን ጋር የሚመጣጠን ማስታገሻ ውስጥ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የደረሰው 0.1 ቶን ብቻ ነበር። ሞርፊንም ሆነ ፓራሲታሞል የዓለም ጤና ድርጅት በ1977 ካወጣው የመጀመሪያው የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጀምሮ የተመዘገቡ፣ በዋጋም ውድ ያልሆኑ ናቸው። በኢትዮጵያ ውፍረት ለመቀነስ የሚደረግ ቀዶ ሕክምና የጥቂቶች ነገር ነው፤ በቀዶ ሕክምና የምትወልድ እናት ግን በየሆስፒታሉ አለች፤ እርሷም በጥልቅ መተንፈስና ቶሎ ተነሥታ መራመድ ያስፈልጋታል። የማቀናጀቱ ዘዴ ለእርሷም ይሠራል። ከመድኃኒቱ ይልቅ ብርቅ የሚሆነው ሌሊቱን ነቅቶ የሚጠብቅ የሠለጠነ ሰው ነው።

የጣት ላይ የኦክስጅን መለኪያ ብቻውን ይህን ሰው አይተካም። በሽተኛው በአፍንጫው ተጨማሪ ኦክስጅን እየተሰጠው ከሆነ ትንፋሹ በደቂቃ ወደ ስድስት ወርዶም መለኪያው መልካም ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ በዚህ መካከል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በደሙ ውስጥ ይከማቻል። ስለዚህ ትንፋሽ በዓይን ይቆጠራል። ያረፈ አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ቁጥሩ ከ10 በታች ሲወርድና በሽተኛው ሲጠሩት ዓይኑን በግድ ሲገልጥ ሐኪም ይጠራል። ይህን በክፍል ውስጥ በአንድ የእጅ ሰዓት ብቻ መለማመድ ይቻላል። ተማሪዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው አንዱ የሌላውን ትንፋሽ ለሙሉ ደቂቃ ይቆጥራል፤ በመጀመሪያ ነግሮት፣ ቀጥሎ ሳይነግረው። ሁለቱ ቁጥሮች ብዙ ጊዜ አይገናኙም፤ ትንፋሹ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው አተነፋፈሱን ይለውጣልና። ልምድ ያላት ነርስም የበሽተኛውን እጅ ይዛ የልብ ምት የምትቆጥር መስላ ደረቱን የምታየው ለዚህ ነው።